ለቅጠል ቆራጩ ማን ይቁረጥለት?

እኔ ፀጉሬን የምስተካከለው ሬዲዮ ዘንድ ነው። ሬዲዮ የመዝገብ ስሙ አይደለም፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ግን ከእናቱ በቀር በዚያ ስም የሚጠራው ያለ አይመስለኝም። ቶንዶሱን ሶኬት ላይ ከሰካበት ሰዓት ጀምሮ ፀጉር ቤቱን እስኪዘጋ ድረስ አፉ አያርፍም። ደንበኛ ከጠፋ ለመስታወቱ ያወራል። ይህን ታሪክ በከፊል የሰማሁት ከእሱ ስለሆነ፣ ከነገረኝ ላይ ግማሹን ቀንሼ ነው የማቀርብላችሁ። የቀረውን የነገሩኝ ባለታሪኩ ራሳቸው ናቸው። እሳቸው ደግሞ ቃላቸውን እንደ መድኃኒት መጥነው ነው የሚሰጡት፤ ስለዚህ ከእሳቸው ላይ የምቀንሰው የለኝም።

ባለታሪኩ ጋሼ ቅጠሉ ናቸው። እሱም የሰፈር ስም ነው። የሚኖሩት ከሬዲዮ ፀጉር ቤት ቀጥሎ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ድሮ አንድ ሰፊ ክፍል የነበረውን አከራዩ መሐሉን በችፑድ ከፍሎ ነጭ ቀለም ቀብቶታል። ሲያዩት የደህና ግድግዳ ወግ አለው፤ ድምፅ ግን አይከለክልም።

ሥራቸው መድኃኒት መቁረጥ ነው። ከጣሪያቸው ሥር በተወጠረ ገመድ ላይ ጦስኙ፣ ግራዋው፣ የባሕር ዛፍ ቀንበጡ በየእስሩ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ደጃፋቸው ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ ጤና አዳም አለ። ሆዱን የቆረጠው፣ ጉንፋን የያዘው፣ ቁስሉ አልሽር ያለው ሰው ይመጣል፤ ቀጥፈው፣ ወቅጠው፣ አፍልተው ይሰጣሉ። የማይችሉትን ግን እችላለሁ አይሉም። ደም የሚያስለው ወይም ትኩሳቱ አልወርድ ያለው ሰው ከመጣ «ይሄ የኔ አይደለም፤ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂድ» ብለው በሩን ያሳዩታል። ስለ ቅጠል የሚዋሽ ሰው ደግሞ ደማቸውን ያፈላዋል። አንድ ቀን ገበያ መሐል አንዱ ነጋዴ የሬት ውኃ በጠርሙስ ደርድሮ «ለሁሉም በሽታ!» እያለ ሲጮህ አዩና ፊት ለፊቱ ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቁ ጀመር። አንድም ቃል አልተናገሩም። ሰዉ እሳቸውን እያየ አንድ በአንድ ተበተነ፤ ነጋዴውም እየተሳደበ ዕቃውን ሰበሰበ።

ያልተናገሩት አፋቸው ላይ ቅጠል ስለነበረ ነው። ይህን ማስረዳት አለብኝ፤ ያለዚያ የሚቀጥለው አይገባችሁም። መድኃኒት የሚቆርጥ ሰው ጠዋት ከቤቱ ከወጣ ቆርጦ እስኪመለስ ድረስ ቃል ከአፉ አይወጣም። ከወጣ ቅጠሉ ኃይሉን ያጣል ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ጋሼ ቅጠሉንም ጠይቄያቸው «አባቴ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው» ከማለት አላለፉም። ሰው እንዲያውቅላቸው አንዲት የግራዋ ቅጠል በጥርሳቸው ይነክሳሉ። ግራዋ መራራ ነው፤ አፍ ልከፈት ቢል እንኳ ምሬቱ ያስታውሰዋል። ያቺን ቅጠል ያየ የሰፈር ሰው እንዳይፈትናቸው ፊቱን ዞር ያደርግላቸዋል። ተራ አስከባሪው እንኳ የታክሲ ጩኸቱን ገታ አድርጎ ያሳልፋቸው ነበር። ይህ ሁሉ ክብር ነው፤ ንቀት የለበትም።

ሲመለሱ ሚስታቸው ደጃፍ ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋቸዋል። ቅጠሏን ከባላቸው አፍ በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው ያወጡና «ደህና ገባህ?» ይላሉ። የጋሼ ቅጠሉ ቀን የሚጀምረው በዚያች ቃል ነበር። ሚስትየዋ ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቂታ፣ በሽተኛው ገና ከበር ሳይገባ ግማሹን ሕመም በቀልድ የሚያስጥሉት ሴት ነበሩ። የባላቸውን ድርሻ ሰላምታ የሚሰጡትም እሳቸው ናቸው። «እኛ ደህና ነን፣ እናንተስ?» ሲሉ ያ «እኛ» ሁለቱን ይሸፍናል። ልጅ አልወለዱም።

ሌላም ሕግ አለ። ቆራጭ ለራሱ አይቆርጥም። እሱ ሲታመም የሚቆርጥለት ሌላ ሰው ነው፤ ያም ሰው የታዘዘ ሳይሆን ከልቡ የሚያዝንለት መሆን አለበት። ጋሼ ቅጠሉ በታመሙ ጊዜ ሚስታቸው ግራዋዋን ነክሰው ኮረብታው ድረስ ይሄዱ ነበር። ያን ሁሉ ወሬ አፍነው ሲመለሱ ፊታቸው ቲማቲም ይመስላል። ያን ጊዜ ቅጠሏን የሚያወጡት ባልየው ናቸው። «ደህና ገባሽ?» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ሚስትየዋን እስከ ማታ የሚያቆማቸው የለም።

ከዚያ ሚስትየዋ ሞቱ። ክረምት ላይ፣ ሽንኩርት እየላጡ ልባቸው ቀጥ አለ። ቅጠልም ሐኪምም አልደረሰላቸውም።

በሐዘኑ ሰሞን ቤቱ በሰው ተሞላ። ከዚያ ሁሉም ወደየጉዳዩ ሄደ። ጠዋት ጠዋት ሰላም ሳይሉት የኖሩትን ሰው ከሰዓት በኋላ አግኝቶ ሰላም ማለት ይከብዳል፤ አንደበት ልማዱን ይዞ ይቀራል። ሰፈሩ ጋሼ ቅጠሉን አልጠላም። ግን ይጫወት የነበረው ከሚስትየዋ ጋር ስለነበር ከእሳቸው ጋር እንዴት እንደሚጀምር አላወቀም። በሽተኞቹም ቀስ በቀስ ቀሩ።

ጋሼ ቅጠሉ ግን መቁረጣቸውን አልተዉም። ጠዋት ይወጣሉ፣ ቆርጠው ይመለሳሉ፣ ወደ ውስጥ የገባው ባዶ በርጩማ ፊት ቅጠሏን ነክሰው ይቆማሉ። ቆመው ቆመው ራሳቸው ያወጡና በርጩማው ላይ ያስቀምጧታል። አንድ ቀን «ደህና ገባሁ» ለማለት ሞክረው ነበር። ድምፃቸው በባዶ ቤት ውስጥ አስደነገጣቸው፤ ሁለተኛ አልሞከሩትም።

እያደር ቅጠሏን ቀኑን ሙሉ ነክሰዋት መዋል ጀመሩ። ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ፣ ከቦኖ ውኃ ሲቀዱ፣ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ፣ ቅጠሏ አፋቸው ላይ ናት። መቼም የሚያናግራቸው የለም፤ ቅጠሏ ካለች ግን ያላናገሯቸው በእሷ ምክንያት ይሆናል። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ሲነግሩኝ የሚያዩት እጃቸውን ነበር። «ያለ ቅጠል ዝም ሲሉኝ ከበደኝ» አሉ።

ጨዋታ የሚያገኙት ከችፑዱ ነው። አልጋቸው እሱን ተጠግቶ የተዘረጋ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ጋደም ብለው ሬዲዮን ያዳምጣሉ። የማን ልጅ ታጨች፣ የማን አማት ለበዓል መጥታ አልሄድ አለች፣ የትኛው ልብስ ሰፊ ለአንድ ኮት ሁለት የግራ እጅጌ ሰፋ፣ ሁሉንም ያውቃሉ። ሬዲዮ ሲቀልድ ፀጉር ቤቱ ይስቃል። እሳቸው ድምፃቸው እንዳይሰማ ትራሱን አፋቸው ላይ አድርገው፣ የሌላው ሳቅ ካለቀ በኋላ ለብቻቸው ይስቃሉ።

ሳሉ የያዛቸው ብርድ በገባ ሰሞን ነው። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር፤ በኋላ ከደረታቸው ሥር እየተነሣ ጎናቸውን ይይዛቸው ጀመር። ኮረብታው ላይ መውጣት አቃታቸው። ጠዋት ቅጠሏን ይነክሳሉ፣ እስከ ታክሲ ማቆሚያው ይሄዳሉ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ሳሉ ከችፑዱ ወዲያ ስለሚሰማ የፀጉር ቤቱ ወሬ ሆነ።

«ይሄ ሳል እኮ ደረታቸውን ሊያፈርሰው ነው» አለ አንድ ደንበኛ።

«ጋሼ ናቸው፣ ምን ይደረግ» አለ ሬዲዮ።

«ለሰው ሁሉ መድኃኒት ይቆርጡ የለ? ለራሳቸውም ይቁረጡ።»

«አይቆርጡም። ሕጋቸው ነው፤ ቆራጭ ለራሱ አይቆርጥም። ድሮ እትዬ ነበሩ የሚቆርጡላቸው።»

«አሁንስ ማን ይቁረጥላቸው?»

ሬዲዮ መልስ አጥቶ አያውቅም። «ኧረ እኔ ምን አውቄ! ሰው ያናግራሉ እንዴ እሳቸው? የኔ ሰላምታ ቅጠላቸውን የሚያጠወልገው ይመስላቸዋል» አለ። ሁሉም ሳቀ። ያን ቀን ጋሼ ቅጠሉ ትራሱን አላነሱም።

ሐኪም ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው። ሞኝም አይደሉም፤ እንዲህ ያለ ሳል ይዞት የመጣውን ሰው ስንቴ ወደዚያ ልከዋል። ራሳቸው ግን አልሄዱም። ለምን እንዳልሄዱ ብዙ ወትውቼ ነው ያናገርኳቸው። «‹ማን ይቁረጥላቸው› ሲባል ስም የሚጠራ ከጠፋ፣ የምድነው ለማን ብዬ ነው?» አሉኝ። ነገሩ ሳሉ አልነበረም። በዚህ ሰፈር ውስጥ ለእሳቸው ብሎ ኮረብታ የሚወጣ አንድ ሰው አለ ወይስ የለም፣ ማወቅ የፈለጉት እሱን ነው። ከሌለ አልጋቸው ላይ ተኝተው ሊጠብቁ ቆርጠዋል። ምን እንደሚጠብቁ እኔ መንገር አያስፈልገኝም።

በነጋታው ከሰዓት በኋላ ቅጠሏን በርጩማው ላይ አስቀምጠው፣ ኮታቸውን ለብሰው ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ፀጉራቸውን ይቆርጡላቸው የነበሩት ሚስታቸው ስለሆኑ፣ ከሞቱ ወዲህ መቀስ አልነካውም፤ ኮሌታቸው ላይ ወድቋል። ሬዲዮ መጀመሪያ ባዶ አፋቸውን አይቶ ደነገጠ። ቀጥሎ ፀጉራቸውን አየና ነገሩ የገባው መሰለው።

«ጋሼ! ይግቡ፣ ይግቡ! እኔ እኮ መቼ ይመጡ ይሆን እያልኩ ነበር!» ወንበሩ ላይ አስቀምጧቸው ፎጣውን አንገታቸው ላይ አሰረ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ...»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ከጎን አሳጥሬ ከላይ ልተውልዎት።»

«እሱ አይደለም። እኔ...»

«ጢሙንም? ጢሙንማ ሳልነካው አልለቅዎትም!»

ከዚያ የውኃው መጥፋት ተነሣ፣ የእህቱ ባል መኪና ተነሣ፣ የልብስ ሰፊው እጅጌ እንደ አዲስ ተነሣ። ጋሼ ቅጠሉ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ሬዲዮ ራሳቸውን ወደ አንድ ጎን ያዘነብለዋል። ምላጭ ጉሮሮ ላይ ሲሆን ደግሞ ማንም አይናገርም። በመጨረሻ ማጅራታቸው ላይ አልኮል ረጨና መስታወት ከኋላቸው ይዞ «ሙሽራ መሰሉ እኮ!» አላቸው። ጋሼ ቅጠሉ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሽማግሌ ትንሽ አዩት። አመስግነው ወጡ። ሊጠይቁ የመጡትን ሳይጠይቁ፣ አምረው ወደ ባዶ ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ኮታቸውን የሚለብሱበት አቅም አልነበራቸውም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሬዲዮ የወደቀውን ፀጉር እየጠረገ ለብቻው ሲያንጎራጉር፣ ችፑዱ ኳ ኳ አለ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከየት ነው?»

«ከዚህ ማዶ።»

መጥረጊያው ቆመ። «ጋሼ? ወሬ ይሰማል እንዴ እዚያ?»

«ይሰማል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ሬዲዮ ወደ ችፑዱ ተጠጋ። ሳሉን እሱ እንደሚሰማ ያውቃል፤ የሱ ወሬ ወዲያ ማዶ እንደሚሻገር ግን አስቦት አያውቅም። ለፍላፊ ሰው ስለ ሌላው ጆሮ አያስብም። «ጋሼ፣ ባለፈው ስለ ሰላምታው ያልኩት... ለጨዋታ ያህል...»

«ሰምቻለሁ። ተወው እሱን።» ሳል አቋረጣቸው። «አሁን አታቋርጠኝ ልጄ። አንዴ ካቆምኩ መልሼ አልጀምረውም።»

«እሺ።»

«ታምሜያለሁ። የሚቆርጥልኝ ሰው የለኝም። ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም። የለመድኩት ድምፅ ያንተ ብቻ ነው።»

ሬዲዮ መጥረጊያውን ጥሎ ወጣና በሩን አንኳኩቶ ገባ። ያን ያህል ዓመት ጎረቤት ሆኖ ወደዚያ ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ ሁለት ስኒዎች፣ አንደኛው አቧራ የለበሰ። በርጩማው ላይ የደረቀ ቅጠል ተቆልሏል፤ ሞልቶ መሬት ላይም ወድቋል። አንዱን አንሥቶ ሲያየው የጥርስ ምልክት አለበት። ሌላውም አለበት። ምን እንደሆነ ሲገባው መቀመጫ ፈልጎ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ምንድን ነው የሚቆረጠው?» አለ።

«ጦስኝ። ከውኃው ታንከር በላይ፣ ድንጋዩ መሐል። መሬት ላይ ይተኛል፤ ቅጠሉ ትንንሽ ነው። የሚመስለው አረም አለ፤ ግን አሽተህ ስታሸተው አፍንጫህ ይለይልሃል።» ብርድ ልብሳቸውን ሳብ አደረጉ። «ሕጉን ታውቃለህ መቼም። ለኔ ብለህ ካልሆነ አይሆንም። ከከበደህ አልቀየምህም።»

«ለማን ብዬ ነው ታዲያ ኮረብታ የምወጣው? ለውፍረቴ?» አለ ሬዲዮ። «ግን እኔም ሕግ አለኝ። እኔ እቆርጣለሁ፣ እርስዎ ይጠጣሉ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን።»

«መጀመሪያ ቁረጥልኝ» አሉ ጋሼ ቅጠሉ።

ጠዋት ሬዲዮ ግራዋዋን ከእጃቸው ተቀብሎ ነከሳት። ከደጃፉ ሳይርቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያን ምሬት ሰው እንዴት በየቀኑ ይችለዋል? ዘወር ብሎ እንትፍ አላትና ከዘይት ቆርቆሮው ላይ የጤና አዳም ቀንበጥ ቀጥፎ በምትኩ ነከሰ። ቅጠል ቅጠል ነው አለ በልቡ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የሰፈሩን ድንጋጤ እንዳየሁት ልንገራችሁ፤ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነበርና። ዳቦ ሻጯ «ሬዲዮ፣ ደህና አደርክ?» አለችው። ዝም። «ምን ሆነሃል? ማን ሞተ?» ዝም። ጣቱን ወደ አፉ ቀሰረ። «ውይ፣ ጥርስህን ነው! ንቀለው፤ ምን ያስታምምሃል?» ራሱን እየነቀነቀ አለፋት። ተራ አስከባሪው በመገረም የራሱን አፍ በእጁ ይዞ ካየው በኋላ «ሰዎች! የሬዲዮ ባትሪ አለቀ!» ብሎ ጮኸ፤ የታክሲ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሬዲዮ ለዚያ የሚሆን አሥር መልስ ነበረው። አሥሩንም ዋጣቸው። በሕይወቴ ከዚያ የከበደ ሥራ አልሠራሁም ይላል፤ ይህችን አልቀነስኩበትም።

ከታንከሩ በላይ ሰው አልነበረም። ንፋስ ብቻ ነው። እየተንበረከከ ትንንሽ ቅጠል ያለውን ሁሉ እያሸ ቢያሸት፣ ሁሉም ጤና አዳም ጤና አዳም ይሸታል። አረሙም ጤና አዳም፣ ጦስኙም ጤና አዳም፣ የራሱ እጅ ጤና አዳም። ጋሼ ቅጠሉ ግራዋ የሚነክሱት አፍንጫ ስለማይበጠብጥም እንደሆነ ማን ይንገረው? የሚጠይቀው ሰው የለ፤ ቢኖርም መጠየቅ አይችል። መሬት ላይ የተኛውን፣ ቅጠሉ ትንንሽ የሆነውን መርጦ ከረጢቱን ሞላ።

ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ሬዲዮ ለጋሼ ቅጠሉ ሊቆርጥ ሄደ ተብሏል። ስለዚህ ዳቦ ሻጯ ፊቷን ዞር አደረገችለት። ተራ አስከባሪውም ዞር አለ። እኔም ዞርኩ። ክብር መሆኑን ያውቃል። «ቢሆንም አልወደድኩትም» አለኝ በኋላ። «መንገዱን ሙሉ ጀርባ ብቻ አየሁ። እሳቸው ይሄን ስንት ጊዜ ቻሉት?»

ጋሼ ቅጠሉ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። በርጩማው ላይ። የቅጠሉን ክምር ወደ ጥግ ጠርገው፣ ከቤት አውጥተውት፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ላይ ተቀምጠዋል። ሬዲዮ ከመንገዱ መታጠፊያ ብቅ ሲል ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ገና ሳይደርስ ጤና አዳሙ ሸተታቸው። ምን እንደተፈጠረ ወዲያው ገባቸው። ከረጢቱን ሲከፍትላቸው ከላይ ያለውን አዩት፤ ጦስኝ አይደለም። ፍየል የምትግጠው፣ የማይጎዳ የማይጠቅም፣ ስም እንኳ የሌለው አረም ነው። ከረጢቱ ግን እስከ አፉ ሞልቷል፤ የሬዲዮ ጉልበት ጭቃ ነው፣ ጣቶቹ በድንጋይ ተፍቀዋል።

እጃቸውን ዘርግተው ቀንበጧን ከአፉ በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው አወጡ።

«ደህና ገባህ?» አሉት።

ሬዲዮ አፉን ከፈተ። መንገዱን ሙሉ ያጠራቀመው ወሬ ነበረው፤ የዳቦ ሻጯ፣ የባትሪው፣ የንፋሱ። «ደህና ገባሁ ጋሼ» አለ፤ ሌላው አልወጣለትም። ከረጢቱን ወደ እሳቸው አስጠጋ።

«እሱ ነው አይደል?» አለ ሬዲዮ።

ጋሼ ቅጠሉ አንዷን ቅጠል በጣታቸው አሽተው አሸተቱ። «አፍላው» አሉ።

አፈላው። ጣዕሙ የተቀቀለ ሣር ነው። ጋሼ ቅጠሉ እስከ ጭላጩ ጠጡት። ከዚያ ስኒውን አስቀምጠው «በል፣ ኮቴን አቀብለኝ፤ እንሂድ» አሉ።

ሐኪሟ ደረታቸውን አዳምጣ ሳንባቸው መቁሰሉን ነገረቻቸው፤ ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን እንደነበርም አልደበቀችም። መርፌና ክኒን ታዘዘላቸው። ስለ ሳሉ የጠየቀቻቸውን ሁሉ የመለሰላት ሬዲዮ ነው፤ ያልጠየቀችውንም ጭምር። ክኒኑን በሰዓቱ አስዋጣቸው። ደንበኛ ወንበር ላይ እያለ እንኳ ችፑዱን ኳ አድርጎ «ጋሼ፣ ሰዓት ደረሰ!» ይላል። ዳኑ። አሁን ጠዋት ጠዋት ሲወጡ ያው ግራዋዋን ነክሰው ነው፤ ሲመለሱ ግን ሬዲዮ ምላጩን እንደያዘ ብቅ ብሎ ያወጣላቸዋል። ከሰዓት በኋላ ቅጠል አይነክሱም።

የአረሙን ነገር የነገሩኝ እኔን ብቻ ነው። ያን ቀን ከከረጢቱ የተረፈውን አስረው፣ ከሌሎቹ እስሮች ለይተው፣ ከአልጋቸው ራስጌ ሚስማር ላይ ሰቅለውታል። እናንተም ለሬዲዮ እንዳትነግሩት።

በቅርቡ ፀጉሬን ልስተካከል ስገባ ሬዲዮ ያን ጠዋት ለሰው ይተርካል። ኮረብታው ተራራ ሆኗል፤ ንፋሱ ማዕበል ሆኗል፤ ተራ አስከባሪው በድንጋይ ሊመታው ተነሥቷል። «ኧረ አትዋሽ!» የሚል ድምፅ ከማዶ መጣና ሁላችንም ሳቅን፤ ጋሼ ቅጠሉም ከእኛ እኩል ሳቁ። ሬዲዮ አልተበገረም።

«ሐኪሟ ትበለው፣ ማንም ይበለው፣ ያ ቅጠል ባይሆን ኖሮ ጋሼ ዛሬ የሉም! ጋሼ! ያዳነዎት ያ ቅጠል አይደለም እንዴ?»

ቶንዶሱን አጠፋው። ሁላችንም ወደ ችፑዱ ዞርን። ከወዲያ በኩል ሚስማሩ ላይ ምን እንደተሰቀለ የማውቀው እኔ ነኝ። ስለ ቅጠል ዋሽተው የማያውቁ ሰው መሆናቸውንም አውቃለሁ።

«ነው» አሉ። «እሱ ነው ያዳነኝ። ግን ለሌላ ሰው አይሆንም፤ ለማንም እንዳትሰጥ።»